ለጓሮ በርበሬ የቱ ማዳበሪያ ይሻላል? ከደሴ ዳገት እስከ ቆቦ ሜዳ

ሰኔ ሲጋመስ የበርበሬ ችግኝ ለመዛወር ይደርሳል። ያን ጊዜ ወሎ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ዩሪያ ይሻላል ወይስ ኤንፒኤስ? የላሟ ፍግ ብቻውን አይበቃም? ጎረቤት አመድ ነስንሶ አማረለት ይባላል፣ እውነት ነው?

ወደ ዝርዝሩ ሳንገባ የኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ለጓሮ በርበሬና ቃሪያ መሠረቱ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ነው። በላዩ ላይ ችግኝ ሲዛወር ኤንፒኤስ አንድ ጊዜ በትንሹ። ዩሪያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ፣ እሱም ካስፈለገ። በጠርሙስ የሚሸጠውን የቅጠል ርጭት ለሃያ ካሬ ሜትር ጓሮ አልገዛም። ይህን ስል ግን ቆቦ ያለው ሰውና ደሴ ያለው ሰው አንድ ዓይነት ነገር ያድርጉ ማለቴ አይደለም። ልዩነቱ ሰፊ ነው፣ እመጣበታለሁ።

በርበሬው መቼ ምን ይበላል?

በርበሬ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ አይፈልግም። ችግኙ ከመደብ ወደ ማሳ ሲዛወር ቶሎ ሥር መስደድ አለበት። ለዚያ ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ ብዙም አይንቀሳቀስም። ላይ ላዩን ብትበትኑት ሥሩ አያገኘውም። ስለዚህ ከሥሩ አጠገብ፣ በተዛወረበት ቀን ነው የሚቀበረው።

ቅጠልና ግንድ በሚያወጣበት ጊዜ ናይትሮጅን ይጠይቃል። አበባ ሲይዝና ፍሬ ሲጥል ደግሞ ፖታሲየም ይፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በርበሬው አረንጓዴ ሆኖ ሲያምር ደስ ይለንና ዩሪያ እንጨምርለታለን። በርበሬው ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ አበባው ግን ይዘገያል። የለሰለሰው ቅጠል ላይ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ይሰፍራል። ጓሮው ሠርግ ቤት መስሎ ፍሬው ለአንድ ወጥ የማይበቃ ሲሆን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የናይትሮጅን መብዛት ነው።

ኬሻው ላይ ያለው ቁጥር

ዩሪያ ነጭ ነው፣ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን። ሌላ ምንም የለውም። ሃምሳ ኪሎ ኬሻ ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው።

ኤንፒኤስ ሦስት ነገር ይዟል። ናይትሮጅን 19፣ ፎስፌት 38፣ ድኝ 7። ድሮ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዳፕ ናይትሮጅን 18፣ ፎስፌት 46 ነበረው፣ ድኝ ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮሲስ የሚባለው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ተጀመረ። ብዙ ቦታ ድኝ እንደሚጎድል ታየ። በየቦታውም ሌሎች ንጥረ ነገሮች እንደሚያንሱ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ዳፕ ቦታውን ለኤንፒኤስ እየለቀቀ መጣ። አንዳንድ አርሶ አደር አሁንም ኤንፒኤሱን «ዳፕ» ይለዋል፤ ገበያ ላይ ግራ አትጋቡ።

ኤንፒኤስቢ የሚባለውም አለ። ያው ኤንፒኤስ ሆኖ ጥቂት ቦሮን የተጨመረበት ነው። ቦሮን ለአበባና ለፍሬ መያዝ ይጠቅማል። ለጓሮ ግን በሁለቱ መካከል ብዙ አትጨነቁ። የህብረት ሥራ ማህበሩ ያመጣውን ውሰዱ። ፍግ ያገኘ መሬት ቦሮኑንም ከፍጉ ጥቂት ያገኛል።

ድኙ ከበርበሬ ይልቅ ለሽንኩርትና ለነጭ ሽንኩርት ትልቅ ነገር ነው። የሚያቃጥለው ሽታቸው ከድኝ ነው የሚመጣው። በርበሬውን ከሽንኩርት ጋር አፈራርቃችሁ የምትተክሉ ከሆነ ኤንፒኤስ ከዳፕ የሚበልጥበት ሌላ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። ከዩሪያም፣ ከኤንፒኤስም፣ ከኤንፒኤስቢም ውስጥ ፖታሲየም የለም። የኛ አፈር ፖታሲየም አያጥረውም የሚል አስተሳሰብ ለረጅም ዘመን ነበር። ለጤፍና ለስንዴ ብዙ ቦታ አስኬደን። በርበሬና ቲማቲም ግን ፍሬ ሲይዙ ፖታሲየም በብዛት ይስባሉ። በየዓመቱ እዚያው ጓሮ ላይ ከተከላችኋቸው አፈሩ እየደከመ ይሄዳል። የሚያስገርመው ደግሞ ከወሎ ቁልቁል አፋር፣ ዳሎል አካባቢ ያለው ምድር የፖታሽ ክምችት ያለበት መሆኑ ነው። እኛ ጋ ግን ከዚያ የመጣ ኬሻ የለም። ስለዚህ ፖታሲየም የምናገኘው ከፍግና ከአመድ ነው።

ፍግ፣ በጠጥ፣ የዶሮ ኩስ፣ ኮምፖስት

በናይትሮጅን ብቻ ካነጻጸርን ፍግ ደካማ ነው። የደረቀ የከብት ፍግ ከመቶው ከአንድ እስከ ሁለት እጅ ያህል ናይትሮጅን ይኖረዋል። አንድ ኬሻ ዩሪያ የያዘውን ለማግኘት አሥራ አምስትና ሃያ ኩንታል ፍግ ያስፈልጋል ማለት ነው። ያም ቢሆን ሁሉንም በአንድ ዓመት አይለቅም።

ነገሩን በዚህ ብቻ የሚያይ ሰው ግን ይሳሳታል። ዩሪያ አፈሩን አያለሰልስም። ውኃ አይዝም። ፍግ ሁለቱንም ያደርጋል፣ ፎስፈረስና ፖታሲየምም ይጨምራል። ዝናብ በሚቆራረጥበት አገር፣ ነሐሴ ዘንቦ መስከረም ላይ ቀጥ በሚልበት አገር፣ ውኃ የሚይዝ አፈር ለበርበሬ ሕይወቱ ነው። ኬሻ የሚገዛ ገንዘብ የሌለው ሰው ፍግ ካለው አብሽር። ፍግ የሌለው፣ ኬሻ ብቻ ያለው ነው መጨነቅ ያለበት።

ችግሩ ፍጉ የሚሄድበት ቦታ ነው። ደላንታ፣ ዋድላ፣ መቄት ያለውን ደጋ ያየ ሰው ያውቀዋል። ዛፍ ጠፍቷል። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እዚያ ላለ ሰው «ፍግ ጨምር» ማለት ቀልድ ነው። የሚሻለው ከምድጃ የሚተርፈውን፣ የበግ በጠጡን፣ የቤት ጥራጊውንና የአረም ቅጠሉን ሰብስቦ ኮምፖስት ማድረግ ነው። የበግና የፍየል በጠጥ ከከብት እበት ይልቅ ደረቅና ጠንካራ ነው። ናይትሮጅኑም ላቅ ይላል። ለማገዶ ስለማይፈለግ ደግሞ በረቱ ውስጥ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። በኔ ግምት በደጋው ወሎ የተናቀው ሀብት እሱ ነው።

የዶሮ ኩስ ሌላ ታሪክ ነው። ከፍጎች ሁሉ ጉልበተኛው እሱ ነው፤ ናይትሮጅኑ የከብት ፍግ እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ፎስፈረሱም ብዙ ነው። ከዶሮ አርቢ ጎረቤት በርካሽ፣ አንዳንዴም በነፃ ይገኛል። ግን ትኩሱን ችግኝ ሥር ካደረጋችሁት ያቃጥለዋል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ይበስብስ። መጠኑም ከከብት ፍግ ግማሽ ይሁን።

ትኩስ ፍግ ሌላም ጣጣ አለው። ቃሪያ ጥሬውን የሚበላ ነገር ነው። ያልበሰበሰ እበት የነካው ቃሪያ ሆድ ያሳምማል። በዚያ ላይ የአረም ዘር አለ። ፓርቲኒየም፣ ብዙዎች ቅንጬ አረም የሚሉት፣ ቆቦንና ቃሉን እንዴት እንዳለበሰ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ዘሩ ከፍግና ከጭድ ጋር ይጓዛል። በጓሮው ያልነበረውን አረም በገዛ እጃችሁ አታስገቡት።

ለዚህ ነው ኮምፖስቱ መጋል ያለበት። ክምሩ መካከል አንድ ረዘም ያለ እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ ስታወጡት እንጨቱ እጅ የሚያስለቅቅ ሙቀት ካለው ሥራውን እየሠራ ነው። ሞቃትና እርጥብ ከሆነ ደግ ነው። ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ውኃ አርከፍክፉ። ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ አየር አጥቷል፣ ገልብጡት። በሦስት ወር አካባቢ ጠቁሮ፣ የዝናብ መሬት የሚሸት አፈር ይሆናል። ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገየዋል፣ ወር ጨምሩበት።

የትል ኮምፖስት፣ ቨርሚ ኮምፖስት የሚባለው፣ ከተራው የደቀቀና ለተክሉ የቀረበ ነው። ጥላና ቋሚ እርጥበት ይፈልጋል። ለትንሽ ጓሮና ለችግኝ መደብ ግሩም ነው። ግን አይጋልም፤ ስለዚህ የአረም ዘር አይገድልም። አረም የበዛበት ጥራጊ ከሆነ ያላችሁ መጀመሪያ ክምሩን አጋሉት፣ ትሎቹ በኋላ ይምጡ።

አመድ ለማን?

አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው። ናይትሮጅን የለውም፣ ተቃጥሎ ሄዷል። የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል። ስለዚህ ዝናብ የሚበዛበት፣ የታጠበ ቀይ አፈር ያለው ደጋ ላይ ጥሩ ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከመትከል በፊት።

ቆቦ ሜዳ ላይ ግን አመድ አትነስንሱ። የዚያ አፈር መጀመሪያውኑ ወደ አልካላይነት፣ ማለትም ወደ ኮምጣጣነት ተቃራኒ፣ ያዘነበለ ነው። አመድ ሲጨመርበት ብረትና ዚንክ የመሳሰሉት ይታሰራሉ። ለጋው ቅጠል ይነጣል።

ሌላም አለ። አመድንና ዩሪያን አንድ ላይ አታድርጉ። ከአዲስ ፍግ ጋርም እንዲሁ። ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። አፍንጫችሁን ሲወጋችሁ የሚሸታችሁ ገንዘባችሁ ነው።

ደሴ፣ ጃማ፣ ቆቦ

ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በርበሬ ብርድ አይወድም። በዚያ ላይ ጓሮው ዳገት ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ይበረታል። ለደሴ፣ ለኩታበር፣ ለቦሩ ሜዳ ሰው ዩሪያን በአንድ ጊዜ መጨመር ጦሳ ሥር ላለው ወንዝ መለገስ ነው። ከፋፍሉት። ፍጉን አብዙ። መደቡን ዳገቱን አቋርጦ ሥሩት፣ ከታች ጠርዙ ላይ ድንጋይ ወይም ሣር ይኑረው። አፈሩ ከሄደ የማዳበሪያ ምርጫ ትርጉም የለውም። ደግሞ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል። ችግኙ ወይን ጠጅ መስሎ ሊቆም ይችላል። ኤንፒኤሱ አልበቃ ብሎ ላይሆን ይችላል፤ ፀሐይ ሲወጣ የሚያገግም አለ።

ጃማና ደላንታ ላይ ያለው ዋልካ ሌላ ጠባይ አለው። ዋልካ ሀብታም አፈር ነው፣ ግን ክረምት ውኃ ያቁራል። ውኃ በቆመበት አፈር ውስጥ አየር የለም። ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ቀይረው ያበኑታል። የበርበሬ ሥርም ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። ቢጫ ሆነ ብላችሁ ዩሪያ ስትጨምሩ ያው ይጠፋል። እዚያ መጀመሪያ የሚገዛው ማዳበሪያ ሳይሆን ጉልበት ነው። መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ቦይ ቅደዱ። ከዚያ ኮምፖስት ከገባበት አፈሩ ይፈታታል። ዩሪያው ውኃው ከሸሸ በኋላ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ፣ ይደርሳል።

ቆቦ፣ መርሳ፣ ሐብሩ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ በመስኖም ይለማል። እዚያ ዩሪያ ፀሐይ ላይ ተበትኖ ካደረ ጥቂት የማይባለው ይተናል። አፈሩ ወደ አልካላይነት ማዘንበሉ ደግሞ ትነቱን ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከተክሉ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ ጣት በሚያህል ጥልቀት ተቀብሮ፣ ወዲያው ውኃ ይጠጣ። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ የዶሮ ኩስ አታብዙ፤ ጨው አለበት፣ አፈሩ ላይ ይከማቻል። ለቆላው የኔ ምርጫ የበሰበሰ የከብት ፍግ ነው፣ ኤንፒኤስ ከሥር፣ ዩሪያ ሁለት ጊዜ።

ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ባቲ አካባቢ ያላችሁ በመካከል ናችሁ። የራሳችሁን አፈር ተመልከቱና ከሁለቱ ወደሚቀርባችሁ አዘንብሉ። ዳገታማና ቀይ ከሆነ የደሴውን፣ ሜዳና መስኖ ከሆነ የቆቦውን። ነገሩ ለጓሮ ሳይሆን ለገበያ ከሆነ ግን በዓይን አትመኑ። ደሴ የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ አለ። ወልድያ አቅራቢያም ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የቀበሌው ልማት ሠራተኛ መንገዱን ያውቃል፣ ናሙና አወሳሰዱንም ያሳያችኋል።

ስንት ይጨመር?

ለበርበሬ ለብዙ ዓመት ሲነገር የኖረው ምክር በሄክታር 200 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው። ወደ ጓሮ ስናወርደው ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ግራም ዳፕና 10 ግራም ዩሪያ ይሆናል። ኤንፒኤስ ፎስፈረሱ ከዳፕ ያንሳል፤ ያንኑ ለማግኘት 24 ግራም ያህል ይወስዳል።

ሃያ ካሬ ሜትር አለን እንበል። በመስመር መካከል 70፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ብትተክሉ ወደ 95 ተክል ይይዛል። ለእያንዳንዱ ተክል ኤንፒኤሱ አምስት ግራም፣ ዩሪያው ሁለት ግራም ያህል ይደርሰዋል። ሚዛን ለሌለው ሰው የሃይላንድ ክዳን ልክ ኤንፒኤስ፣ አንድ ቆርኪ ዩሪያ ይቀርባል። ማመን ያቅታል፣ ትንሽ ነው። ብዙ ሰው በእፍኝ ነው የሚጨምረው፣ ተክሉም በሳምንቱ ይጠወልጋል።

ይህ ግን ፍግ ለሌለው ማሳ ነው። በካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ኪሎ ኮምፖስት ከገባ ሁለቱንም በግማሽ ቀንሱ። ጓሮው ባለፈው ዓመትም ፍግ የጠገበ ከሆነ ዩሪያውን ጨርሶ ተዉትና ቅጠሉን ጠብቁ።

ጊዜውስ? ኤንፒኤሱ በተከላ ቀን፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ በላዩ ጥቂት አፈር ተደርጎ ሥሩን እንዳይነካ። በውስጡ ናይትሮጅን ስላለ ያን ቀን ዩሪያ አያስፈልግም። የዩሪያው ግማሽ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ፣ ከመጀመሪያው ኩትኳቶ ጋር። ቀሪው የመጀመሪያው የአበባ እንቡጥ ሲታይ። ከዚያ በኋላ ዩሪያ የለም።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

የቱ ቅጠል? ቁም ነገሩ እሱ ነው። ከታች ያለው ያረጀው ቢጫ መሆን ከጀመረ ናይትሮጅን አንሶታል። ለጋው ከላይ ከነጣና ደም ሥሩ አረንጓዴ ከቀረ፣ በተለይ ቆላ ላይ፣ ብረት ነው፤ ዩሪያ አይፈውሰውም። የታችኛው ቅጠል ጠርዝ እንደተለበለበ ከደረቀ ፖታሲየም ጠፍቷል። ሁሉም ቢጫ ሆኖ አፈሩ ረግረግ ከሆነ ውኃ ነው።

የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ሲበሰብስ ሰው በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም ወደ ፍሬው ባለመድረሱ ነው። ካልሲየሙ አፈር ውስጥ ላይጠፋ ይችላል። አንድ ቀን አጥግቦ አምስት ቀን ማስጠማት ነው የሚያመጣው፣ የናይትሮጅን መብዛትም ያባብሰዋል። ውኃውን አስተካክሉ፣ ሥሩን በገለባ አልብሱ።

እዚህ ላይ ነው የቅጠል ርጭት ሻጩ የሚመጣው። ዕቃው ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። የብረት ወይም የዚንክ እጥረት በርግጥ ካለ ርጭት ቶሎ ይደርሳል፣ ሰፊ የቲማቲም ማሳ ላለው ቆቦ ገበሬ ሊያዋጣው ይችላል። ዋናውን ምግብ ግን በቅጠል አጥግቦ ማብላት አይቻልም። በዚያ ዋጋ ጋሪ ተከራይቶ ፍግ ማስመጣት ይሻላል።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

ማዳበሪያ የሚከፋፈለው በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ህብረት ሥራ ማህበራት በኩል ነው። ለጓሮ አንድ ሙሉ ኬሻ ብዙ ነው። ሦስት አራት ጎረቤት ተጋርታችሁ ውሰዱ። ከተከፈተ ኬሻ በጣሳ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፣ ሊደባለቅ ይችላል። ዩሪያን መፈተን ቀላል ነው። ጥቂቱን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉት። ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፣ ብርጭቆውም በእጃችሁ ይቀዘቅዛል። አሸዋ ከሥር ከቀረ፣ ወይም ብርጭቆው ምንም ካልቀዘቀዘ፣ አትግዙት።

ዩሪያ እርጥበት ይስባል፣ ድንጋይ ይሆናል። የተረፈውን በፕላስቲክ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉ። ከጨው ጋር ስለሚመሳሰል ከማድ ቤት አርቁት። ከበረትም አርቁት። ላም ወይም በግ ኬሻው ላይ ከደረሰች ትልሰዋለች፣ በብዛት ከላሰች ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። ዩሪያ የተሟሟበትን ባልዲም ሳታጥቡ ከብት አታጠጡበት።